የቀበሮ ባሕታዊ በጓሳ

«የቀበሮ ባሕታዊ» ስንል ምን ዓይነት ሰው ማለታችን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ላዩ ጸሎተኛ፣ ውስጡ ነጣቂ የሆነ ሰው ነው። በበጎች መካከል አንገቱን ደፍቶ የሚመላለስ ቀበሮ መንኩሶ ሳይሆን ሰዓቱን እየጠበቀ ነው የሚል የቆየ ጥርጣሬ ከስሙ በስተጀርባ አለ። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። በሕግ ሙያ ዕድሜውን የገፋ ሰው አንገታቸውን ደፍተው የመጡ ብዙ ተዋዋዮችን ያያል።

ሆኖም ይህን ስም የሚፈታተን ቀበሮ በአገራችን አለ። የሚኖረው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ በሚባለው ደጋ ላይ ነው። ይህ ቀበሮ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጭላዳዎች መሀል ገብቶ ረዥም ሰዓት ይቆያል። እናቶች ግልገሎቻቸውን አዝለው ሣር ሲነጩ እሱ በአጠገባቸው ያልፋል። ግልገሎቹን በአንድ አፍ ሊያነሳቸው ይችላል፤ ግን አያነሳቸውም። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ነገሩ ተረት አይደለም፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው፣ ቆጥረውና መዝግበው ያወጡት እውነት ነው።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የፈለግሁት የእንስሳት ወዳጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ በመሠረቱ የእኔ ሙያ ጉዳይ ስለሆነ ነው። የማይመሳሰሉ ሁለት ወገኖች፣ አንዱ ሌላውን ሊጎዳ አቅም እያለው፣ በአንድ ቦታ በሰላም የሚኖሩት በምን ኃይል ነው? በፍቅር ነው? በፍርሃት ነው? በጥቅም ነው? ወይስ ሌላ የማናየው ጠባቂ አለ?

ቦታውና ባለቤቶቹ

መንዝን ያላየ አንባቢ መንገዱን በአሳብ ይከተለኝ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃንን አልፈው ጣርማ በር ላይ ሲደርሱ ወደ ደሴ የሚወርደውን አስፋልት ትተው በግራ ይታጠፋሉ። መዘዞን፣ ሞላሌን እያለፉ መሐል ሜዳ ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ብርድ፣ ጉም እና ሣር ነው። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሰፊ ደጋ ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በዚህ በኩል የሚፈሰው ውኃ አዋሽን ይቀላቀላል፤ በምዕራብ የሚወርደው ደግሞ በጀማ በኩል አድርጎ ዓባይ ይገባል።

ቦታው ስሙን ያገኘው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። ጓሳ እንደ ሌላው ሣር ለስላሳ አይደለም። በጉብታ በጉብታ የሚበቅል፣ ረዥምና ጠንካራ ነው። መንዜ ቤቱን የሚከድነው በእሱ ነው፤ ገመድ ይገምድበታል፤ የዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራበታል። ከጉብታዎቹ ሥር ደግሞ አይጥና ፍልፈል በብዛት ይኖራሉ።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ የዝንጀሮ ዘመድ ነው። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ቀይ፣ ጠጉር የሌለው ቆዳ ይታያል። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ዋና ቀለቡን ሣር ያደረገ እሱ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ቀኑን ሙሉ ይግጣል። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይሰማራል። መንጋው አንዳንዴ ከ500 በላይ ይሆናል። በጀማ ሸለቆ ገደሎች፣ በመርሐቤቴ በኩል ለሚጓዝ ሰውም ጭላዳ እንግዳ አይደለም።

ቀይ ቀበሮም የእኛው ብቻ ነው። በአገር ደረጃ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ይኖራል። የተረፈው በሰሜን፣ በአርሲ፣ በወሎና በመንዝ ተራራዎች ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተበታትኗል። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ፈጽሞ ጠፍቷል። ክብደቱ ከመካከለኛ ውሻ አይበልጥም፤ ወንዱ 16 ኪሎ ገደማ ነው። ከሌሎች የተኩላ ወገኖች የሚለየው አንድ ነገር አለ። ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል፤ ድንበሩን በጋራ ይጠብቃል፤ ለአደን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይወጣል። ቀለቡ አይጥ ነውና አይጥ ለማደን ጭፍራ አያስፈልግም።

ሂሳቡ ምን ይላል?

በጓሳ ጭላዳዎች ላይ ቋሚ ጥናት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን የመሠረቱት ፒተር ፋሺንግ እና ንጋ ንዊን የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚያስተምሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር የሠራው ቪቬክ ቬንካታራማን ጭላዳዎቹን እየተከተለ ሲውል ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ከመንጋው መሀል ያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 እሱና ባልደረቦቹ ያዩትን በቁጥር አወጡት። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ስለ ጓሳ ጥበቃ ለረዥም ዘመን የሠራው ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘላለም ተፈራ አሸናፊ ነው።

ቁጥሩ የሚለው ይህን ነው። ቀበሮው ብቻውን ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሞከረው ውስጥ የተሳካለት 25 በመቶው ነው። በጭላዳዎች መሀል ሆኖ ሲሞክር ግን 67 በመቶ ይሳካለታል። ከ4 ሙከራ አንዱን ይይዝ የነበረው ከ3 ሁለቱን ያዘ ማለት ነው። በጠበቃ ቋንቋ ብናገር፣ ከ4 መዝገብ አንዱን የሚረታ ሰው ቢሮ ቀይሮ ከ3 ሁለቱን መርታት ቢጀምር ሁላችንም የቢሮውን አድራሻ እንጠይቅ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሁለት ማብራሪያዎች ቀርበዋል። አንደኛው፣ ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ ሲዘዋወሩ አይጦቹን ከተደበቁበት ያስወጧቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አይጡ ዘወትር በዙሪያው ከሚርመሰመሰው የጭላዳ መንጋ የተነሳ የቀበሮውን ኮቴና ጥላ ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል የሚል ነው። በገበያ ግርግር ኪስ አውላቂ እንደማይለይ ማለት ነው። ቀበሮዎቹ ወደ መንጋው የሚገቡበት ሰዓትም ይህን ይደግፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይጦች በብዛት በሚወጡበት በእኩለ ቀን አካባቢ ነው።

ለዚህ ሲሳይ ቀበሮው የሚከፍለው ዋጋ አለ። በመንጋው ውስጥ ሲሆን አካሄዱን ይለውጣል። አይሮጥም፤ በድንገት አይዘልም፤ በጭላዳዎቹ መሀል በዝግታ ይራመዳል። ጭላዳዎቹ የዋሆች ስለሆኑ ነው የታገሡት እንዳንል ደግሞ የባለቤት አልባ ውሻ ሲያዩ የሚያደርጉትን ማየት ይበቃል። ውሻ ብቅ ሲል መንጋው እየጮኸ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ውሻና ቀበሮ በመልክ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ጭላዳው ግን መልክን ሳይሆን ጠባይን ይመዝናል።

አንድ ጊዜ ታዲያ የተጠረጠረው ደረሰ። አንድ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል በአፉ አነሳ። በዙሪያው የነበሩት ጭላዳዎች ወዲያው ተረባርበው አስጣሉት፤ ከመንጋውም አባረሩት፤ ተመልሶ ለመግባት ቢሞክርም ከለከሉት። ተመራማሪው በዓመታት ክትትሉ ያየው እንዲህ ያለ ድፍረት ይኸው አንዱ ነው። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ አጭር የወንጀል መዝገብ ነው፤ ክስ፣ ውሳኔና ቅጣት በአንድ ገጽ። ቅጣቱ ሞት አይደለም፤ ፈቃድ መነጠቅ ነው። ከ67 በመቶ ወደ 25 በመቶ መመለስ ለቀበሮ ከባድ ቅጣት ነው።

ከባሕር ወለል የመጣ ምስክር

አንባቢ «ይህ የአንድ ቦታ ድንገተኛ ነገር ይሆናል» ሊለኝ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምስክር ልጥራ፤ ከተራራው ጫፍ ወደ ባሕር ወለል እንውረድ።

እስከ 1985 ዓ.ም. የእኛም ዳርቻ በነበረው በቀይ ባሕር፣ እንዲሁም በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች፣ ጎቢ የሚባል የጣት ርዝመት ያለው ዓሣና ባለሽጉጥ የሚባል የሽሪምፕ ዓይነት በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ። ሽሪምፑ ሽጉጠኛ የተባለው ከሁለት መቆንጠጫዎቹ ትልቁን በኃይል ሲገጥም የተኩስ የመሰለ ድምፅ ስለሚያሰማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ድምፁ የሚመጣው መቆንጠጫው እርስ በርሱ ሲጋጭ አይደለም፤ ከፍጥነቱ የተነሳ በውኃው ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ተጨራምቶ ሲጠፋ ነው። በዚህ ድንጋጤ ትናንሽ እንስሳትን አደንዝዞ ይበላል።

ይህ ሽጉጠኛ ግን ዓይኑ ደካማ ነው። ጠንካራ ቆፋሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አሸዋና ጠጠር እየገፋ ጉድጓዱን ይጠግናል። ከጉድጓዱ ሲወጣ ግን ማን እንደመጣበት አያይም። ጎቢው በተቃራኒው ዓይኑ ንቁ ነው፤ መቆፈር ግን አይችልም፤ በገላጣ አሸዋ ላይ መሸሸጊያ የለውም። ስለዚህ ተከፋፈሉ። ሽሪምፑ ቤት ይሠራል፤ ዓሣው በር ላይ ዘብ ይቆማል። ሽሪምፑ ወደ ውጭ ሲወጣ አንዱን አንቴናውን ከዓሣው ገላ ላይ አያነሳም። ዓሣው አደጋ ካየ ጭራውን ያርገበግባል፤ ሽሪምፑ ያንን ተቀብሎ ይገባል። አደጋው ከቀረበ ዓሣው ራሱ በጭንቅላቱ ዘሎ ይገባል። ሲመሽ ሁለቱም ውስጥ ያድራሉ። እንዲህ ባለ ሽርክና የሚኖሩ የጎቢ ዝርያዎች ከ100 በላይ ናቸው።

በውጭ አገር የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እነዚህን ሁለቱን በሳሎኑ በጨው ውኃ አኳሪየም ያኖራል። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ የመሰለኝ ሁለቱን ገዝቶ አንድ ላይ መጨመር ብቻ ነበር። እሱ ግን ሳቀና «ወዳጅነቱን እነሱ ያመጡታል፤ የእኔ ሥራ ቦታውን ማዘጋጀት ነው» አለኝ። ከዚያም ዘረዘረልኝ። ውኃው በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይኖረዋል፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይጠበቃል። ከታች ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፋል። ደቃቅ አሸዋ ብቻ ከሆነ ጣሪያው ስለማይቆም የዛጎል ስብርባሪና ጠጠር ይደባለቅበታል። ትልልቆቹ ድንጋዮች አሸዋው ላይ አይቀመጡም፤ መስታወቱ ላይ ቀድመው ይደላደላሉ፤ አለበለዚያ ሽሪምፑ ከሥራቸው ሲቆፍር ተንደው ይገድሉታል። ጎቢ ሲደነግጥ ዘሎ ስለሚወጣ ክዳን ያስፈልጋል። ሽሪምፕ የሚበላ ትልቅ ዓሣ አብሮ አይገባም። ማንኛውም ጎቢ ከማንኛውም ሽሪምፕ ጋር ስለማይስማማ በባሕር ውስጥ የሚጣመሩት ዝርያዎች ተመርጠው ይገባሉ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ባለቤቱ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በሳምንታት ይገናኛሉ።

«ሁለቱን ጎትተህ ብታቀራርባቸው ትርፉ ማስደንገጥ ነው» አለኝ። ይህን አባባል ብዙ አስታራቂ ነን ባዮች ቢሰሙት እወድ ነበር።

ውል፣ ፈቃድ እና ሕግ

እንግዲህ ወደ ሙያዬ ልመለስ። የጎቢውና የሽሪምፑ ግንኙነት በእኛ ቋንቋ ውል ነው። እያንዳንዱ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ይቀበላል፤ አንዱ ቢጎድል ሁለቱም ይጎዳሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባዋዋላቸው ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል። በባሕር ወለል ያለው አንቴናና ጭራ ይህን አንቀጽ ሳያነቡ ይፈጽሙታል።

የቀበሮውና የጭላዳው ግን ውል አይደለም። ቀበሮው የሚያገኘው ታውቋል፤ ተቆጥሯል። ጭላዳው አይጥ አይበላም፤ ከአይጡ መያዝ የሚደርሰው ድርሻም የለም። ስለዚህ ነገሩ ፈቃድ ነው። ባለይዞታው አላፊውን «ካልጎዳኸኝ እለፍ» ብሎታል። እንዲህ ያለ ፈቃድ ከውል ይልቅ ደካማ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሰጪው ሲፈልግ ይነሳዋል። ነገር ግን የአብሮ መኖራችን ትልቁ ክፍል በዚህ ዓይነት ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ጎረቤት በግቢያችን አቋርጦ ውኃ ሲቀዳ፣ ባለሱቁ በረንዳ ላይ ጫማ የሚያሳምር ልጅ ሲቀመጥ፣ የተፈረመ ወረቀት የለም። ያለው አንዱ ልኩን ማወቁ፣ ሌላው መታገሡ ነው። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ውል ስለፈረሰ ሳይሆን የተፈቀደለት ሰው ልኩን ስለረሳ ነው።

ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የሳሎኑን ገንዳ የሚያዘጋጀው፣ ጨዉን የሚለካው፣ ክዳኑን የሚከድነው ጓደኛዬ ነው። የጓሳን ገንዳ የሚጠብቀው ማን ነው? ቀበሮው አይጥ ያገኘው አይጡ ሣር ስላገኘ ነው። ጭላዳው በመንጋ የሚሰማራው ሣሩ ስላለ ነው። ሣሩን ማን አኖረው? በሸዋ ደጋ ላይ ሌላው ተራራ ሲታረስና ሲራቆት ይህ አንዱ ለምን ተረፈ?

መልሱ የመንዝ ሰው ነው። መልሱ ሦስተኛው የአብሮ መኖር መንገድ፣ ሕግ ነው።

የቄሮ ሥርዓት

በመንዝ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን የሚያስተዳድር ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። በቅርብ ዓመታት ከሰማነው የወጣቶች ስም ጋር አይምታታብን፤ ይህ የሣር ሕግ ነው። የአካባቢው ትውፊት መሬቱን የሚያወርሰው ከሁለት አቅኚ አባቶች ከአስቦ እና ከጌራ ነው። የእነሱ ዘር ነኝ የሚል ባለርስት በጓሳ መብት ነበረው። ባለመብቶቹ ተሰብስበው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። የአለቃው ሥራ ሜዳው መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት መወሰን፣ ጥበቃውን በተራ መመደብና ያጠፋውን መቅጣት ነበር።

መዝጋት ማለት የእውነት መዝጋት ነው። ሣሩ እስኪደርስ ድረስ 3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት፣ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋው ጥናት፣ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ፣ ይከፈታል። ቀኑ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ሳይቀር ይነገራል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ እስከ ሐምሌ አቦ ማለትም እስከ ሐምሌ 5 ቀን፣ ሰውም ከብትም ለቅቆ ይወጣል። ያልታዘዘ ከባድ ቅጣት ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ የጋራ የሆነ ግጦሽ ሁሉ መጨረሻው መራቆት ነው የሚል ዝነኛ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። እያንዳንዱ አንድ በሬ ጨምሮ ማሰማራት ይጠቅመዋልና ሜዳው ያልቃል ነው ሙግቱ። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ከዓለም ዙሪያ ማስረጃ ሰብስባ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያወጡት፣ ራሳቸው የሚጠብቁት ሕግ ካለ የጋራ ሀብት ለመቶ ዓመታት ይቆያል ብላ አሳየች። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ሃርዲን ስለ ግጦሽ ሲጽፍ መንዜ በአባ ቄራ ሥር ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ ነበር።

የእኛም ሕግ ይህን ፈጽሞ አላወቀም ማለት አይቻልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3347 በውስጡ በተደነገጉ ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ሕጎች ቢሽርም፣ በቁጥር 1489 ደግሞ እንደ መንደር ወይም ነገድ ያለ የገበሬ ማኅበረሰብ የያዘው መሬት በልማዱ መሠረት በጋራ ሊጠቀሙበት እንደሚቻል ይደነግጋል። በሩ ጠባብ ቢሆንም ክፍት ነበር።

በሩን የዘጋው የ1967ቱ ለውጥ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ቀረ፤ በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ወደቀ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። ቄሮ እኩልነት አልነበረም። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ፣ መሬት የለሽ የሆነ፣ በእጅ ሙያው የሚኖር ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። አዋጁ ለእነዚህ ሰዎች ፍትሕ ነበር። ችግሩ አዋጁ ባለመብቱን ሲያበዛ ጠባቂውን አለመተካቱ ነው። ሁሉም የሚገባበት፣ ማንም የማይዘጋው ሜዳ ሆነ። ሃርዲን የፈራው የመጣው የጋራ በነበረበት ዘመን ሳይሆን ሕጉ በፈረሰበት ዘመን ነው።

የመንዝ ሰው ግን በዚያ አልተወውም። በገበሬ ማኅበራት፣ ኋላም በዙሪያው ካሉ ቀበሌዎች በተውጣጡ ኮሚቴዎች አማካይነት የመዝጋትና የመክፈቱን ልማድ በአዲስ መልክ መለሰው፤ በዚህኛው መልኩ የባለርስት ልጅ ያልሆነውም ገባበት። ቦታውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ በክልሉ ሕግ ዕውቅና አገኘ። ዛሬ «ብሔራዊ ፓርክ» ሲባል ነዋሪውን ማስነሳት ትዝ ለሚለን ሰዎች ጓሳ ሌላ መንገድ ያሳያል። እዚህ ነዋሪው ከአጥሩ ውጭ የተገፋ ባዳ አይደለም፤ አጥሩ ራሱ እሱ ነው።

ገንዳው ቢሰነጠቅስ?

ይህ ሁሉ ተሟልቷል፣ አርፈን እንቀመጥ ማለት ግን አይደለም። የጎቢውን ገንዳ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የምለውን በቀላሉ ይረዳል። ዓሣውንም ሽሪምፑንም ማንም ሳይነካቸው ውኃው ብቻ ቢበላሽ ውላቸው አብሮ ይሞታል።

የመጀመሪያው ስንጥቅ ማረሻ ነው። የመንዝ መሬት ጠባብ ነው፤ ልጅ ይወለዳል፤ ገብስ ወደ ላይ ይወጣል። ጓሳ አንዴ ከታረሰ በአንድ ክረምት አይመለስም። ሁለተኛው ስንጥቅ ውሻ ነው። ጭላዳው ከውሻ መሸሹ ትክክል ነበር፤ ቀበሮው ግን ከውሻ የሚደርስበትን አያውቅም። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ አልቋል። እንደ ጓሳ ባለ አነስተኛ ሥፍራ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ቢገባ የሚተርፈውን መቁጠር አያስቸግርም። ውሻ ማስከተብ ሰውንም፣ ከብትንም፣ ቀበሮንም በአንድ መርፌ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው ስንጥቅ የእኛው ጠብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ወደ ሌላ ግጭት ገባ። ጠመንጃ በሚጮህበት አገር ጎብኚ አይመጣም፤ የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት እንግዳ ካላገኘ ሣሩን ላለመንካት ራሱን የከለከለው ገበሬ በምትኩ የሚያገኘው ይደርቃል። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ «ጓሳን ጠብቁልን» ማለት ቀላል ነው። በሬው የከሳበት ሰው ግን ሂሳቡን የሚያወራርደው በሬው ላይ ነው። ስለዚህ ጥበቃው እንዲቀጥል የሚፈልግ መንግሥትም ሆነ የከተማ ሰው ወጪውን መጋራት አለበት። የሚጠበቅብን ሁሉም ቀበሌዎች ያወጡትን መተዳደሪያ ደንብ ማክበር፣ በአስተዳደር ውሳኔ ለባለሀብት ወይም ለሌላ አገልግሎት አለመቁረስ፣ የክትባቱንና የጥበቃውን ወጪ ከገበሬው ትከሻ ማውረድ ነው። የቀበሌ ሽማግሌ የዘጋውን ሜዳ የወረዳ ደብዳቤ ከከፈተው ከ1967 ዓ.ም. የተማርነው ነገር የለም ማለት ነው።

በቄሮ ታሪክም በጎቢው ጉድጓድም በቀበሮው አካሄድም የማየው አንድ ነገር ነው። አብረው የሚኖሩት ወገኖች መዋደድ አላስፈለጋቸውም። ያስፈለጋቸው ሁለቱንም የሚበቃ ቦታ፣ ሁለቱም የሚገባቸው ምልክት፣ ምልክቱን ለሚጥስ ደግሞ ወዲያው የሚደርስ፣ ግን ከልክ ያላለፈ ቅጣት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን አብሮ ስለመኖር ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ ከመዋደድ እንጀምራለን፤ ስለ ሣሩ ማውራት የምንጀምረው ካለቀ በኋላ ነው።

ቀበሮው ባሕታዊ አይደለም። ሆዱን ያውቃል፤ ጥቅሙንም ያውቃል። ጥቅሙ ልኩን ከማወቅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልኩን ያውቃል። ይህን ያደረገለት ደግሞ የቀበሮው ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የጭላዳው ንቃትና፣ ከሁለቱም በላይ፣ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሣሩን ሲዘጋና ሲከፍት የኖረው የመንዝ ገበሬ ነው።